የመንግሥት ደመወዝ፣ የጋዜጠኛ ዜና፦ የአሜሪካ ድምፅ የነጻነት ታሪክ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ተረቱ። የመገናኛ ብዙኃን ወገንተኝነት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል። ደመወዝ ከፋዩ ከታወቀ ዜናው ወዴት እንደሚያጋድል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም የሚል ነው።

ይህን ተረት ሐሰት ለማድረግ ከሰማንያ ዓመት በላይ የታገለ አንድ የዜና ክፍል አለ፤ የአሜሪካ ድምፅ። በጀቱን የሚመድበው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞቹ የፌዴራል መንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው። የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት የሚመራውም የፕሬዚዳንቱ ተሿሚ ነው። እንዲህም ሆኖ ባለሥልጣን በዜናው ይዘት ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ሕግ ወጥቶለታል። ለአማርኛ አድማጭ ጣቢያው ባዕድ አይደለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አጭር ሞገድ የሚይዘውን ሬዲዮ መስኮት ዳር አስጠግቶ፣ አንቴናውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ከዋሽንግተን የሚመጣውን ድምፅ ከሽውታው መሀል ሲለቅም ያመሸ ቤተሰብ ብዙ ነው። ያ ድምፅ ምን ያህል የራሱ ነበር? ለመመለስ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠይቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጦርነት ልጅ

ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1942፣ ወደ ጀርመን አገር የሚተላለፍ ፕሮግራም ተጀመረ። ቋንቋው ጀርመንኛ ነበር። አቅራቢው ዊልያም ሃርላን ሄል ዜናው ቢያስደስትም ቢያሳዝንም እውነቱን እንነግራችኋለን ሲል ለጠላት አገር አድማጭ ቃል ገባ። ቃሉ የመጣው ከደግነት ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የአሜሪካ ጦር በፓስፊክ ግንባር ሽንፈት በሽንፈት ላይ ይደራረብበት ነበር። ሽንፈቱን የደበቀ ጣቢያ ነገ ድሉን ሲያወራ የሚያምነው አያገኝም። የዜናው ሐቀኝነት መጀመሪያ የተፈለገው ለጦር ስልት ነው ማለት ይቻላል።

ጣቢያውን በመጀመሪያ የመራው ጆን ሃውስማን የቲያትር ሰው ሲሆን ከኦርሰን ዌልስ ጋር በሠራቸው ሥራዎች ይታወቃል። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው «የጦርነት መረጃ ቢሮ» በሚባል መሥሪያ ቤት ሥር ገባ። በእውነትና በመንግሥት ፍላጎት መካከል ያለው ጠብ የፈነዳውም ገና በማለዳው ነው። በጁላይ 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ፣ ቢሮው ባሰራጨው ፕሮግራም የአንድ ጋዜጣ ዓምደኛን ቃል ጠቅሶ የጣልያኑን ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊን ደደብ ትንሽ ንጉሥ አለው። ይህ ንጉሥ በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ በራሱ ላይ የደረበው ነው፤ ስድቡን ሰምቶ ያዘነ ሐበሻ መኖሩ ያጠራጥራል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ግን ተቆጡ። ንጉሡ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ማርሻል ባዶሊዮ፣ ማለትም ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባው ያው ባዶሊዮ፣ ከአሜሪካኖች ጋር እርቅ ሊያወርድ የሚችል ሰው ሆኖ ታይቶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ስርጭቱን በአደባባይ ነቀፉ። ቤተ መንግሥቱ ሊታረቀው የሚፈልገውን ሰው ሬዲዮው ቢነቅፍ ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አላገኘም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጣቢያው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1948 የወጣው የስሚዝ-ሙንት ሕግ ለውጭ አገር ስርጭት ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። በዚሁ ሕግ መነሻነት ዝግጅቶቹ በአሜሪካ ምድር ለአሜሪካውያን እንዳይሰራጩ የሚያግድ ሥርዓት ተተከለ። መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ የራሱን ዜጋ እንዳይሰብክ ተፈርቶ ነው። እገዳው የላላው በ2013 ነው። በዚህ ምክንያት ጣቢያው እንግዳ ዕጣ ደረሰው። አዲስ አበባና ሞስኮ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ሲጠፋ፣ በጀቱን የሚከፍለው አሜሪካዊ ግን ባብዛኛው መኖሩንም አያውቅም። ችግር ሲመጣ ጠበቃ የሚቆምለት አድማጭ በአገሩ አለመኖሩ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

ዋጋውን ለመክፈል ብዙ አልቆየም። በ1953 የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚኒስቶች ጣቢያው ውስጥ ተሰግስገዋል ብሎ ምርመራ ከፈተ። ሠራተኞች በካሜራ ፊት እየቀረቡ ስለ አመለካከታቸውና ስለ ወዳጆቻቸው ተጠየቁ። የማሰራጫ ጣቢያዎች የሚተከሉበት ቦታ ሳይቀር ሆን ተብሎ ሥራውን ለማበላሸት የተመረጠ ነው ተባለ። በዚያ ጉዳይ ይሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ በጭንቀት ራሱን አጠፋ። በዚያው ዓመት ጣቢያው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወጥቶ የአሜሪካ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ለተባለ አዲስ ተቋም ተሰጠ። በ1954 ደግሞ ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ከፖለቲካው ሠፈር ጋር ጎረቤት ሆነ።

ሦስት አንቀጽ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ዳይሬክተር የነበረው ሄንሪ ሉሚስ አንድ ነገር ገብቶታል። አለቃ በመጣና በሄደ ቁጥር የዜና ክፍሉ ሕግ መቀያየር የለበትም። ስለዚህ የጣቢያው ተግባር በጽሑፍ እንዲሰፍር አደረገ። በ1960 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያጸደቁት ይህ ቻርተር ሦስት አጫጭር አንቀጾች ብቻ አሉት። የመጀመሪያው ዜናው ትክክለኛ፣ ሚዛናዊና የተሟላ ይሁን ይላል። ሁለተኛው ጣቢያው አንድን የኅብረተሰብ ክፍል ሳይሆን አሜሪካን በሞላ እንዲያሳይ ያዛል። ሦስተኛው የመንግሥት ፖሊሲ በግልጽ ይቅረብ፣ ስለ ፖሊሲው የሚደረገው ክርክርም አብሮ ይቅረብ ይላል። የሦስተኛው አንቀጽ ሁለተኛ ግማሽ ባይኖር ኖሮ ጣቢያው ከማንኛውም የመንግሥት ልሳን ባልተለየ ነበር።

ቻርተሩ ገና ሕግ ስላልሆነ በሰው ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የሰው ጠባይ ወንበር ሲቀየር ምን እንደሚሆን ደግሞ የኤድዋርድ መሮ ታሪክ ያሳያል። መሮ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ማካርቲን በድፍረት የተጋፈጠ፣ የአሜሪካ ጋዜጠኝነት ኩራት የሚባል ሰው ነው። በ1960 ስለ ዘላን የእርሻ ሠራተኞች መከራ የሚያሳይ ዶክመንታሪ አቀረበ። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ከሹመቱ በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ቢቢሲ ያንን የገዛ ራሱን ዶክመንታሪ እንዳያሳይ መጠየቅ ነበር፤ የአሜሪካን ገጽታ ያበላሻል ብሎ ሰጋ። ቢቢሲ አልሰማውም፤ አሳየው። መሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ፈሪ አልሆነም። የተቀመጠበት ወንበር ግን የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

ሉሚስም በተራው በ1965 ሥራውን ለቀቀ። የጆንሰን አስተዳደር በቬትናም ዜናዎች ላይ ያደርግ የነበረው ጣልቃ ገብነት አንገፍግፎት ነው። በ1975 ጸደይ ሳይጎን ልትወድቅ ስትል ደግሞ አሜሪካውያንን ከከተማዋ የማስወጣቱ ዜና ላይ ከበላይ ገደብ ተጣለ። ሌሎቹ የዜና አውታሮች የሚያወሩትን የአሜሪካ ድምፅ አድማጭ ከአሜሪካ ድምፅ ማግኘት አልቻለም። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ቻርልስ ፐርሲና ዴሞክራቷ የምክር ቤት አባል ቤላ አብዙግ ተባብረው ቻርተሩን ወደ ሕግነት ያሻገሩት በዚያ ማግሥት ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድ ጁላይ 12 ቀን 1976 ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ የበላይ ኃላፊ «ይህን ዜና አታውሩ» ሲል የዜና አዘጋጁ ቢያንስ የሚጠቅሰው የሕግ አንቀጽ አገኘ።

የዕለት ተዕለቱ ሥራ

ነጻነት በቻርተር ብቻ አይኖርም፤ በዕለት ሥራ ውስጥ መታየት አለበት። የጣቢያው የዜና ክፍል ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ደንብ የሁለት ምንጭ ደንብ ነው። የራሱ ሪፖርተር በዓይኑ ያላየውን ወይም በጆሮው ያልሰማውን ነገር አንድ የዜና ወኪል ስላወራው ብቻ አያሰራጭም። እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ምንጮች ሊያረጋግጡት ይገባል። አርብ ማታ ስለ መፈንቅለ መንግሥት ወሬ ሲመጣ አዘጋጁ ሰዓቱ እየሮጠበት፣ ሌላው ጣቢያ እየቀደመው፣ ሁለተኛውን ምንጭ ይጠብቃል። በዚህ ደንብ ጣቢያው ብዙ ጊዜ ተቀድሟል። አድማጩ ግን «የአሜሪካ ድምፅ ካለው እውነት ነው» ማለትን የተማረው ከዚሁ መዘግየት ነው።

ሌላው መለያ ርዕሰ አንቀጹ ነው። ከሰማንያዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት አቋም ራሱን በቻለ ርዕሰ አንቀጽ ሲቀርብ ኖሯል። ከመነበቡ በፊት ወይም በኋላ የመንግሥትን አመለካከት የሚያንፀባርቅ መሆኑ ይነገራል። ዜና እና የመንግሥት ቃል በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀርባሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ልብስ አይለብስም። አድማጩ የመንግሥትን ሐሳብ ሲሰማ የመንግሥት መሆኑን አውቆ ይሰማል። ወገንተኝነት ጉዳት የሚያደርሰው በስውር ሲገባ ነውና፣ ይህ ቀላል የሚመስል ማስታወቂያ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ከዋሽንግተን በአማርኛ

የአማርኛው ክፍል ሥራ የጀመረው በ1982 በደርግ ዘመን ነው። የጀርመን ድምፅ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጭ ስለነበር የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ አዲስ ነገር አልነበረም። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ በ1996 ተጨመሩ። ጣቢያው በዝግታ ያቀርበው በነበረው ልዩ እንግሊዝኛ ፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ተማሪም ጥቂት አይደለም።

የአማርኛው ክፍል ዜናውን ከባለሥልጣን እጅ የሚከልለው የሕግ ከለላ ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደማይጠብቅ በደንብ ያሳያል። አንድ ዜና ሲዘጋጅ የኋይት ሐውስ ባለሥልጣን ስልክ ደውሎ «ይህን ቀይሩ» ማለት አይችልም። በየትኛው ቋንቋ ይሰራጭ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ሰው የሚለውን ግን የሚወስነው በጀት ነው፤ በጀት ደግሞ ፖለቲካ ነው። አማርኛው የተከፈተው ኢትዮጵያ የሶቭየት ኅብረት ወዳጅ በነበረችበት፣ ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ጊዜ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ጣቢያው በዜናው ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ዜናው ለማን ይድረስ በሚለው ነጻ ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካ ድምፅን ገለልተኝነት የሚጠራጠሩ ሰዎች ጠንካራው መከራከሪያቸው ይኸው ነው፤ ሊመለስላቸውም አይችልም።

ጋዜጠኞቹ ከሌላ አቅጣጫም ይገፉ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አለ። የአማርኛው ጋዜጠኛ ማታ የዘገበውን በማግሥቱ ምግብ ቤት ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠየቅበት ነበር። አንድን የታጠቀ ቡድን ምን ብሎ ጠራው? ለማን ስንት ደቂቃ ሰጠ? ማንን ሳያናግር ቀረ? የአዲስ አበባ ባለሥልጣን የተቃዋሚ ልሳን ሲለው ተቃዋሚው የመንግሥት አለሳላሽ ይለው ነበር።

የመንግሥት ክስ ግን ከሐሜት ያለፈ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በተቃዋሚው በቅንጅት መሪዎችና በጋዜጠኞች ላይ በመሠረተው ክስ ዋሽንግተን የሚኖሩ አምስት የአማርኛው ክፍል ጋዜጠኞች በሌሉበት ተካተቱ። በመጋቢት 1998 ዓ.ም. ክሱ ተነሣላቸው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአማርኛውን ስርጭት በሩዋንዳው እልቂት ሰውን በሰው ላይ ካነሣሣው «ሚል ኮሊን» ከተባለው ሬዲዮ ጋር አመሳሰሉት። ስርጭቱን ጃም ለማድረግ መንግሥታቸው ዝግጅት እንደነበረውም አልሸሸጉም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ንጽጽሩን አጥብቆ ነቀፈ። ኢትዮጵያ የዋሽንግተን ሁነኛ የጸጥታ አጋር ነበረች፤ ይህ ወዳጅነት ግን የአማርኛውን ዜና አላለሰለሰውም። ከለላው እንደታሰበው ሠራ ለማለት ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ቦርዱ ሲመጣ፣ ቦርዱ ሲሄድ

ቻርተሩ ዜናው ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራል እንጂ ማን እንደሚያስከብረው አይናገርም። ይህን ክፍተት የሞላው ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የ1994ቱ የዓለም አቀፍ ስርጭት ሕግ ነው። ሕጉ ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ አቋቋመ። ከስምንቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት የአንድ ፓርቲ ሰዎች መሆን አይችሉም፤ ዘጠነኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው። ቦርዱ በፖለቲከኛውና በአዘጋጁ መካከል ቆሞ የጋዜጠኛውን ሙያዊ ነጻነት እንዲጠብቅ ታዘዘ። ከዚህ በኋላ ነው ፋየርዎል የሚባለው ከለላ አካል ያገኘው። በ1999 የማስታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ፈርሶ ቦርዱ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ።

ፈተናው በሁለት ዓመት ውስጥ መጣ። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ጣቢያው ከታሊባኑ መሪ ከሙላ ዑመር ጋር ቃለ መጠይቅ አደረገ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዳይተላለፍ ጠየቀ። የዜና ክፍሉ ለጥቂት ቀናት ያዘው፤ የውስጥ ሠራተኞች ተቃውሞ ፈርመው አቀረቡ። በመጨረሻ የቃለ መጠይቁ ክፍል ከሌሎች ድምፆች ጋር በአንድ ዘገባ ውስጥ ተሰራጨ። አገር በቆሰለችበት ሰሞን ይህን ማስተላለፍ ቀላል አልነበረም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጣቢያው አዲስ ዳይሬክተር ተሾመለት። ከለላው ተንገጫገጨ እንጂ አልወደቀም።

የወደቀው በሌላ መንገድ ነው። ቦርዱ የትርፍ ሰዓት ሰዎች ስብስብ ነው፣ ውሳኔው ይዘገያል፣ ሥራው ተዝረክርኳል የሚል ቅሬታ ከሁለቱም ፓርቲዎች ለዓመታት ሲሰማ ቆየ። ቅሬታው መሠረት ነበረው። በዲሴምበር 2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት የመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ የተካተተ አንቀጽ የቦርዱን ሥልጣን አንሥቶ በፕሬዚዳንቱ ለሚሾምና ሴኔት ለሚያጸድቀው አንድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰጠው። የዘጠኝ ሰው ሥልጣን አንድ ሰው ኪስ ገባ። ሁሉም ስለ ቅልጥፍና ሲያወራ፣ በፖለቲከኛውና በአዘጋጁ መካከል የቆመው ሰው መነሣቱን ልብ ያለው ጥቂት ነበር።

ውጤቱ በ2020 ታየ። በኤፕሪል ኋይት ሐውስ ጣቢያው ስለ ቻይናዋ ዉሃን ከተማ ያቀረበውን ዘገባ በመንቀፍ የጠላት ፕሮፓጋንዳ አሰራጭቷል አለ። በጁን ማይክል ፓክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ጸደቀ። የጣቢያው ዳይሬክተር አማንዳ ቤኔት ሥራዋን ለቀቀች፤ በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ያሉ የእህት ጣቢያዎች ኃላፊዎች በአንድ ምሽት ተባረሩ። የኋይት ሐውስ ዘጋቢው ለፕሬዚዳንቱ ጥላቻ አለው ተብሎ ምርመራ ተካሄደበት። በኦክቶበር ፓክ የፋየርዎሉን ዝርዝር ደንብ ሰረዘ። በኖቬምበር የፌዴራል ዳኛዋ ቤሪል ሃወል በዜና ክፍሉ ሥራ ውስጥ እንዳይገባ አገዱት። ፕሬዚዳንት ባይደን ሥልጣን በያዙበት ዕለት ፓክ ለቀቀ።

የ2025ቱ ፈተና ግን የዜናውን ይዘት ለመጠምዘዝ የመጣ አልነበረም። ማርች 14 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሕግ እስከፈቀደው ዝቅተኛ መጠን እንዲቀነስ ትእዛዝ ፈረሙ። ኋይት ሐውስ ጣቢያው ጽንፈኛና ወገንተኛ ሆኗል አለ። በማግሥቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ከደመወዝ ጋር እረፍት ውጡ ተባሉ። ወደ 50 በሚጠጉ ቋንቋዎች ይሠራ የነበረው ጣቢያ ዝም አለ፤ አማርኛውም አብሮ። በአንዳንድ ሞገዶች ላይ በዜና ፈንታ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። በኤፕሪል ዳኛ ሮይስ ላምበርት ሥራው እንዲመለስ አዘዙ። በጁን ደግሞ ለ639 ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ተላከ። ከዚያም በኋላ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት አልወጣም።

ከ1942 እስከ 2025 ያለውን ታሪክ አንድ ላይ ስናየው ከለላው በምን ቦታ እንደበረታና በምን ቦታ እንደላላ ግልጽ ይሆናል። ቻርተሩ፣ የሁለት ምንጭ ደንቡ፣ ምልክት ያለው ርዕሰ አንቀጹ ዜናውን ከእጅ ጠምዛዥ ጠብቀዋል። ለዚህም ነው ጣቢያው አገሩ ከወዳጆቿ ጋር እስክትቃቃር ድረስ መዘገብ የቻለው። ጣቢያውን የመዝጋትና ኃላፊውን የመሻር ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገባ ግን ዜናውን መጠምዘዝም አላስፈለገም። ስለ ወገንተኝነት ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንመዝነው የጋዜጠኛውን ልብ ነው። ደፋር ነው፣ ተገዝቷል፣ ወገኑን ይደግፋል እንላለን። የመሮ ታሪክ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምራል። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በመንግሥት ሆነ በባለሀብት ጣቢያ፣ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ዋና አዘጋጁን ማን ይሾማል? ለማንሣትስ የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል? በጀቱን በአንድ ሌሊት ማቆም የሚችለው ማን ነው? ለሦስቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ሰው ከሆነ፣ የዚያ ዜና ክፍል ነጻነት የዚያ ሰው በጎ ፈቃድ ነው።